በወይራ የታጠነ ውሃ

ቤቴ ደብረ ታቦር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከድሮው የመንገድ ሥራ ካምፕ አጥር ሥር ነው። ካምፑ ጋራዥና የነዳጅ ማከማቻ ነበረው። ባለቤቴ እዚያ መካኒክ ስለነበር ምሳውን ቤቱ መጥቶ እንዲበላ ብለን ቦታውን መረጥነው። በጓሯችን ያለውን የውሃ ጉድጓድም ያስቆፈረው እሱ ነው። ቆፋሪዎቹ ከድንጋዩ ሥር ውሃ ሲያገኙ ከጋራዡ ተጠርቶ መጣ። እጁ በግራሶ ጠቁሮ ስለነበር የመጀመሪያውን ውሃ ከእኔ እጅ ጠጣ።

ካምፑ ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ልጃችንም አረብ አገር ሄደች። እኔ ከጉድጓዱ ጋር ቀረሁ።

በሰፈራችን ቧንቧ ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ እሱም ቢሆን በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ሰፈሩ ከእኔ ይቀዳል። የግቢዬ በር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተከፈተ እስኪመሽ አይዘጋም ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁ ያወራሉ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። በረንዳው ላይ ጥጤን እየፈተልኩ እሰማለሁ። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከባሕር ዳር እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ የማውቀው በዚያ ነበር። ለቅሶ ሲኖር የእድሩ ውሃ ከእኔ ይሄዳል፤ ሠርግ ሲሆንም እንዲሁ። ሰው ስለ ውሃው ያመሰግነኝ ነበር። እኔ የምፈልገው ግን ሰዎቹን ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ውሃው መበላሸቱን መጀመሪያ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። አጥር የሚለየን፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች፣ አፏን መያዝ የማትችል ሴት ናት።

«አንቺ፣ ውሃሽ ላምባ ላምባ ይላል» አለችኝ አንድ ቀን ኩባያውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ።

«ጀሪካንሽ ይሆናል።»

«ምን ጀሪካን አለና? ኩባያው የአንቺ፣ ባልዲው የአንቺ!»

ተቀብያት አሸተትኩት። እውነቷን ነበር።

ክረምቱ እየገባ ሲሄድ ባልዲው ውስጥ ባደረ ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም መንሳፈፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ከጎረቤቴ በቀር «ውሃሽ ተበላሸ» ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ዛሬ በምንጩ በኩል ስለመጣሁ ነው»፣ «ልጆቹ ቀድተው ጠበቁኝ» ይሉኛል። እንዳላፍር ብለው እንደሆነ ይገባኛል። በሩን ግን እንደ ድሮው ጠዋት እከፍተዋለሁ፤ ሲመሽ ማንም ሳይገባበት መልሼ እዘጋዋለሁ።

ምክንያቱ የታወቀው በሌላ ጉዳይ ነው። በካምፑ ቦታ ላይ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ታስቦ መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሽታውም ሰው አላስጠጋ አለ። ከሥሩ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ተገኘ፤ ዝጎ ተበሳስቷል። ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት የኖረ ጉድጓድ ነበር። ባለቤቴ «ዛሬ ዘይት ስንቀይር ዋልን» ሲለኝ ከመኪናው የወጣው ዘይት የት እንደሚሄድ ጠይቄው አላውቅም። እሱም የሚጠየቅ ነገር አይመስለውም ነበር። ታንከሩም ዘይቱም ከላይ፣ የእኔ ጉድጓድ ደግሞ ከታች ነው። በየክረምቱ ትንሽ በትንሽ ወደ እኔ ሲወርድ ኖሯል።

የጤና ጣቢያው ሥራ ቆመና አፈሩንና ውሃውን የሚያጸዱ ሰዎች መጡ። ኃላፊያቸው ከባሕር ዳር የምትመላለስ ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ጉድጓዱን ለማየት ቤቴ መጣች።

«እማማ፣ ይህን ውሃ ይጠጡታል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ይጠጣው ነበር። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም አይጠጡት። ልብስም አይጠቡበት።»

«እስከ መቼ?»

«መሬቱ እስኪጸዳ። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።»

በማግሥቱ ጉድጓዱ ላይ የብረት ክዳን አስገጠመችና ቆለፈችው። ተመልሶ ይከፈት እንደሆነ ጠየቅኳት። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ነው ከተባለ በራሷ እጅ እንደምትከፍተው ነገረችኝ። እኔም ያን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ።

ሥራውን ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አየው ነበር። ጥቁሩን አፈር በማሽን እያወጡ ወፍራም ላስቲክ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ከመሩት። ከዚያ ጭድና እበት በመኪና መጣ። አፈሩ ላይ በትነው፣ ውሃ እያርከፈከፉ በአካፋ ያገላብጡታል። ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ ጥቂት አየችና፣

«ይሄ ሁሉ ምርጊት ለማን ቤት ነው?» ብላ ጮኸችባቸው።

መሐንዲሷ እየሳቀች ወደ እኛ መጣች። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አፈሩ ውስጥ እንዳሉ፣ ዘይቱን በልተው የሚጨርሱት እነሱ እንደሆኑ፣ ጭዱና እበቱም እነሱን ለማበርታት እንደሆነ አስረዳችን።

«ዘይት ብቻ ነው የሚበሉት?» አለች ጎረቤቴ።

«እዚህ ያላቸው ምግብ እሱ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ? ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ?»

«የለም።»

«እንዲህማ ከሆነ ከንስሐ አባቴ የበለጡ ጿሚዎች ናቸው!»

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጎረቤቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር «ጿሚዎቹ እንዴት አደሩ?» ትላቸዋለች።

የምድር ውሃው ግን እንደ አፈሩ ቀላል አልነበረም። በካምፑና በእኔ ቤት መካከል ቱቦዎች ወደ መሬት አስገቡ። ሞተር ውሃውን ይስበዋል፤ ከሰል በተሞሉ በርሜሎች ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ተመልሶ መሬት ይገባል። የሞተሩ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። መጀመሪያ ራሴን ያመኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት፤ በእሑድ ሲቆም ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ከበደኝ። ምክንያት ፈልጌ ወጣሁና ሥራ ሳይኖረኝ እስከ ገበያው ሄጄ ተመለስኩ።

የምጠጣውን ከምንጩ የሚያመጣልኝ አህያ ነጂ ነበረ፤ በር ላይ አራግፎ ይሄዳል። ከዚያ በቀር ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽበት ጊዜ ነበር። ልጄ በስልክ ስታገኘኝ «እማዬ፣ ድምፅሽ ጎርንኗል፤ አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች። አላመመኝም። ከተነሳሁ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል የተናገርኩት ለእሷ ስለሆነ ነው። ይህን አልነገርኳትም። ጉንፋን ነው አልኳት።

አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ሰው ሞተ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ አየሁና በሩን ከፈትኩ። ጉድጓዱ የተቆለፈ መሆኑን ዘንግቼው አይደለም። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ። አህዮቹ ከምንጩ ጀሪካን ተጭነው በደጄ ሲያልፉ እግራቸውን ሰማሁ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወደ ለቅሶው ሄድኩ፤ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ፤ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ተነስቼ መጣሁ። በፊት ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የምገባው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ግቢዬ ሰው ስለሚሞላ ጥዬ መውጣት አልችልም ነበር።

መሐንዲሷ በየጊዜው እየመጣች ክዳኑን ትከፍትና ውሃ ትወስዳለች። የምትቀዳበት እንደ ክንድ የረዘመ፣ በገመድ የሚወርድ የብረት መቅጃ ነበር። ውሃውን በጠርሙስ አድርጋ አዲስ አበባ ትልካለች። ከስንት ጊዜ በኋላ «እየጠራ ነው፣ እማማ» አለችኝ። ቀጥሎ «ሊደርስ ነው» አለችኝ። በመጨረሻ «አንድ ምርመራ ቀረን። ይህን ካለፈ እከፍተዋለሁ» አለች።

በዚያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር። የመጨረሻው ውሃ በሚቀዳበት ወቅት አራስ እንደምትሆን ስታውቅ መቅጃውን፣ ጠርሙሶቹንና የክዳኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ሠራተኞቼ ሌላ ቦታ ናቸው። እርስዎን አምንዎታለሁ» አለችኝ። «ጠርሙሱን እንዳይለቀልቁት። አፉን በእጅ አይንኩት። እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት። ሾፌሩ መጥቶ ይወስደዋል።»

መቅጃውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ነገሩን ለጎረቤቴ ብቻ ነበር የነገርኳት። ውሃው በሚቀዳበት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ጎረቤቴ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ ድሮ የሚቀዱት ሴቶች አሉ።

«ምነው?» አልኩ።

«ምነው ትላለች እንዴ! የጉድጓዱ ፈተና አይደል? ግቢው እንዲህ ተዝረክርኮ ያልፋል ብለሽ ነው?»

ገቡ። ግቢውን ጠረጉ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የበቀለውን ሣር ነቀሉ፣ ክዳኑን ወለወሉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር። እኔ መቀመጫ ፍለጋ ቤት ገብቼ ወጣሁ፤ ያለኝ በርጩማ አልበቃም፤ ጀሪካን እየደፋን ተቀመጥን። መቅጃውን ከጨርቁ ፈትቼ ሳወጣው ጎረቤቴ ተቀበለችኝና አሸተተችው።

«ብረት ብረት ይላል።»

«ብረት ስለሆነ ነዋ።»

«በዚህ ነው አዲስ አበባ የሚሄድ ውሃ የሚቀዳው?»

«ጠርሙሱን እንዳይለቀልቁ ብላለች» አልኩ።

«ማን ይለቀልቀዋል? መቅጃውን እናጥነው እንጂ።»

ማንም ነገሩን እንግዳ አላደረገውም። በእኛ ዘንድ የወተት ዕቃ ሳይታጠን አይታለብበትም፣ ጋንም ሳይታጠን ጠላ አይጠመቅበትም። እንስራ እንኳ አዲስ ከሆነ ይታጠናል። ለሰው የሚሰጥ ነገር ባልታጠነ ዕቃ መስጠት ነውር ነው። መሐንዲሷ ስለ መለቅለቅ ነግራኛለች፣ ስለ እጅ ነግራኛለች፤ ስለ ጭስ ያለችው የለም። ለእኔም ትክክል መሰለኝ።

አንዷ ሮጣ የወይራ ፍልጥ አመጣች። በገል ላይ አነደዱትና ነበልባሉን አጥፍተው መቅጃውን በጭሱ ላይ ደፉት። ጎረቤቴ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ የወተት ዕቃ እንደምታጥን እያዟዟረች በደንብ አጠነችው። ከዚያ እኔ ክዳኑን ከፈትኩ፤ መቅጃውን በገመድ አወረድኩ፤ ጠርሙሶቹን አፋቸውን ሳልነካ እስከ አፋቸው ሞላሁ። የተረፈውን በጣሳ አድርገን በየተራ አሸተትነው።

«ላምባ የለም!» አለች አንዷ።

«ወይራ ወይራ ይላል!»

እልል አሉ። ሾፌሩ ጠርሙሶቹን ሊወስድ ሲመጣ ሠርግ ቤት የገባ መስሎት በር ላይ ቆመ። እነሱም እንኳን ደህና መጣህ ብለው ቆሎ አሳፈሱት። ሴቶቹ የሄዱት ከቀትር በኋላ ነው። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፤ ትዝ ያለኝም ሲመሽ ነው።

መሐንዲሷ ከአራስ ቤት እንደወጣች ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ገና ከመቀመጧ ነገሩን ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ያን ቀን ጉድጓዱ አጠገብ እሳት ነድዶ ነበር?»

«እሳትስ አልነበረም።»

«ነዳጁ የለም፤ ጠፍቷል። ግን ከጭስ የሚመጣ ነገር ውሃው ውስጥ ተገኘ። ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም።»

«አጠንነው» አልኳት።

«ምኑን?»

«መቅጃውን። በወይራ።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሕፃኑ ደንግጦ እስኪያለቅስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ሕፃኑን አባበለችው።

«እናቴ የዚሁ አገር፣ የአንበሳሜ ሰው ናት» አለችኝ። «እሷም ብትሆን ታጥነው ነበር። እኔ ነኝ መንገር የነበረብኝ፤ ጨርሶ አልታሰበኝም።»

«እንደገና ቅጂና ላኪው ታዲያ።»

«እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደንቡ ግን ውሃው በምርመራ አንዴ ከወደቀ በጋም ክረምትም አልፎበት እንደገና ይታይ ይላል። የወይራ ጭስ ነው ብዬ ብጽፍላቸው አዲስ አበባ ያሉት ይስቁብኛል እንጂ አይቀበሉኝም።»

ቁልፉን መለስኩላት።

ለጎረቤቴ የነገርኳት እኔው ነኝ። «እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁሽ» አለችና ፊቷን አዞረች። ሁላችንም ነን ብላትም አልሰማችኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አጥሩ ጋ አልታየችም። «ጿሚዎቹ እንዴት አደሩ?» የሚል ድምፅም ጠፋ። ሌሎቹም ሴቶች አፈሩ መሰለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታ ሰጥተውኝ ቶሎ ይሄዳሉ። ያጠፋ ማንም አልነበረም፤ ግን ከበፊቱ ይልቅ ብቻዬን ሆንኩ።

በጋው ሲገባ አዲስ የውሃ መስመር ተዘረጋና በቁልቁለቱ ራስ ላይ ቦኖ ተተከለ። ሰፈሩ ተደሰተ። ለዓመታት አህያ እየነዳ ምንጭ የወረደ ሰው ቢደሰት አይፈረድበትም። የቦኖውን ቁልፍ እንድትይዝ የተመረጠችው ጎረቤቴ ነበረች። ከእሷ የተሻለ አይገኝም፤ ተራ የሚያፈርስ ሰው ከአፏ አያመልጥም።

ክረምቱም አለፈ። መሐንዲሷ መጥታ በራሷ እጅ ቀዳች። በመጨረሻ ራሷ ተመልሳ መጣችና ምንም ሳትነግረኝ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ ቁልፉን ፈታች። ክዳኑን አንስታ ወደ ግድግዳው አስደገፈችው። አንድ ኩባያ ቀድታ መጀመሪያ እሷ ጠጣች፤ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ላምባም ወይራም አይልም።

«አለቀ፣ እማማ። አሁን የእርስዎ ነው» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሞተሩና በርሜሎቹ ተጭነው ሄዱ። የጸዳው አፈር ወደ ወጣበት ቦታ ተመልሶ ሜዳው ተደለደለ። እኔ በሩን ጠዋት ከፈትኩ፤ ባልዲውንና ገመዱን አዘጋጀሁ፤ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው በደጄ ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ተከፈተ አሉ» ይሉኛል።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» እላቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቦኖው ይሄዳሉ። ጎረቤቴ አንድ ቀን መጣችና አንድ ጀሪካን ቀዳች። ቦኖው እያለ ገመድ መጎተት እንደማያስፈልጋት ሁለታችንም እናውቃለን። «ጣፋጭ ነው» አለችኝ። ቁልፍ ይዣለሁ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብላ ሄደች። በማግሥቱም በሩን ከፈትኩ። ከዚያም በኋላ ከፈትኩ።

አንድ ጠዋት ለቤት የሚሆነኝን ከጉድጓዱ ቀዳሁ፤ እንስራውን ሞላሁ፤ ማድጋውንም ሞላሁ። ከዚያ አንድ ባዶ ጀሪካን አንስቼ በሩን ቆልፌ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ወጣሁ። ቦኖው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ጀሪካኔን ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጥኩ።

ጎረቤቴ ከቧንቧው አጠገብ ሆና አየችኝ።

«አንቺ ሴት! ያን ሁሉ ዓመት የተለፋበትን ጉድጓድ ለማን ትተሽው ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ገመዱ ወገቤን ጨረሰው» አልኩ።

ወገቤስ ደህና ነው። እሷም ጥቂት አየችኝና ሌላ አልጠየቀችኝም። ከፊቴ የነበረች፣ በቅርቡ ከአረብ አገር የተመለሰች የሰፈራችን ወጣት ዞር ብላ ጀሪካኔን በእጀታው ያዘችው።

«እትዬ፣ አንቱማ ይቅደሙ እንጂ! አንቱን አሰልፈን እኛ ልንቀዳ ነው? አሳልፏቸው!»

ሰልፉ ጎንና ጎን ተከፈለልኝ። ጎረቤቴ የቧንቧውን እጀታ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«አይ፣ ተይው ልጄ» አልኳትና ጀሪካኔን ተቀብያት ወደ ኋላ መለስኩት። «ተራዬን እጠብቃለሁ።»

ጀሪካኔን ደፍቼ ተቀመጥኩበት። ከፊቴ ያሉት ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ የአንዷ ወንድም ሐሙሲት ገበያ በሬ ሊገዛ ሄዶ በቅሎ ይዞ እንደተመለሰ ነበር የሚያወሩት።